በሩን ነቅለን የዘረጋነው የፋሲካ ገበታ

ልጆቹ ንገሪን አሉኝ። የልጅ ልጆቼን ማለቴ ነው። ባለፈው ፋሲካ እናታቸው ጠረጴዛውን በፕላስቲክ አበባና በወርቃማ ሹካ ስታስጌጥ አይተው፣ ትልቋ "እማማ፣ እናንተ ዱሮ በምን ነበር የምታስጌጡት?" ብላ ጠየቀችኝ። "በበር" አልኳት። እናታቸው ከጓዳ ሆና ሳቀች። እነሱ ግን ስላልገባቸው አልለቀቁኝም። ትንሹ ደግሞ፣ በአፍሽ ስትነግሪን መሀል ላይ ሌላ ወሬ ውስጥ ትገቢያለሽ፣ ጻፊው አለኝ። ልክ ነው፤ ወሬዬም እንደ እግሬ መዞር ይወዳል። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት እናታቸው ልጅ ሆና ስታጠና ከኋላዋ ቆሜ እያየሁ ነው። እንግዲህ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 የሚባል ሰፈር ነበር፤ ከአንዲት ሶማሌ ጎረቤት ጋር ግቢ ተጋርተን። ግድግዳው ጣውላ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ክፍሉ ሁለት። አሮጌው ባቡር ቆሟል፣ አዲሱ ገና አልመጣም። ባለቤቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ ሲቆም ደመወዙም ቆመ፤ ከዚያ በኋላ አንድ መጋዘን በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ያገኛትን ያመጣ ነበር። እኔ ዳቦ እየጋገርኩ ለሐበሻ ቤቶች እሸጣለሁ፤ ልጄ፣ እናታቸው ማለት ነው፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ምግብ ታቀርባለች። ተርበን ነበር ማለቴ አይደለም። በዓል ሲመጣ ግን ወይ ዶሮው ነው ወይ ጌጡ፤ ሁለቱ አንድ ላይ አይገኙም።

ከባቡሩ ጋር የሄደብን ሌላው ነገር ቄጤማ ነው። ጅቡቲ አሸዋና ጨው እንጂ ሣር አይሆንላትም። ባቡሩ በነበረ ጊዜ ባለቤቴ በየዓመቱ ከድሬዳዋ ቄጤማ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ያመጣ ነበር፤ ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ። ቅዳም ሹር ልቀበለው ጣቢያ ስሄድ፣ ሰውየው ሳይታየኝ የቄጤማው ሽታ ይደርሰኝ ነበር። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ግን በጭነት መኪና ነው የሚመጣው፤ ያውም ሹፌሩ ካልረሳ፣ መኪናው ካልተበላሸ፣ ፀሐዩ ካላደረቀው።

በዚያ ዓመት ልጄ አንድ ልጅ ወደደች። የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ እዚህ ክሊማ ይጠግናል፣ ቤት የሚያቀዘቅዘውን ማሽን ማለቴ ነው። ጨዋ ነው፣ ቃል አያባክንም። አባቱ የሞቱት እሱ ገና ሲድህ ነው፤ እሱንና እህቶቹን እናታቸው ልብስ እየሰፉ ብቻቸውን አሳደጓቸው አለን። ሴትዮዋ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይጠፉ፣ ጾም የማያጎድሉ፣ ሰው ፊት ደግሞ የሚሉትን የማይፈሩ ናቸው ተባልን። ልጃቸው ስለእኛ ሲነግራቸው፣ ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ቤቱን ልየው አሉ። ጅቡቲ የኖረ ሐበሻ በሙቀቱ ወጉ ቀልጦበታል ይባላልና፣ ለፋሲካ መጥቼ በዓል አያያዛቸውን ልይ አሉ።

ልጄ ይህን የነገረችኝ የሆቴሉን ሸሚዟን እየተኮሰች ነው። ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። "እናቱ እምቢ ካሉ አያገባኝም" አለች። "እኔም አልፈርድበትም። ለሱ ያልሆኑለት ነገር የለም።"

ልጄ አልቃሻ አይደለችም። የዚያን ዕለት ግን አንዱን ሸሚዝ ሦስቴ ተኮሰችው። ነገሩ የት ላይ እንዳለ የገባኝ ያኔ ነው። ታገባለች አታገባም የሚለው፣ እኚያ እናት ገበታችንን አይተው በሚሉት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

መጀመሪያ ጠረጴዛው ቸገረን። እኛ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ነው የምንበላው። የሴትዮዋ ጉልበት ግን አይታጠፍም፣ ወለል ላይ አይቀመጡም አለን ልጃቸው። ወንበር ከጎረቤት ይገኛል፤ ጠረጴዛ ግን ያለው ሁሉ በዓል ስላለበት አያውስም። ባለቤቴ አንድ ማታ የመኝታ ክፍላችንን በር ሲያየው ሲያየው ቆይቶ፣ መፍቻ አምጡልኝ አለ። በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ አራት የለስላሳ ሳጥን ላይ አጋደመው። በበሩ ቦታ መጋረጃ ሰቀልን። ጥሩ ጠረጴዛ ወጣው። ችግሩ እጀታው ነው። የባሕሩ ጨው ስላዛገው አልወልቅም አለ። ገለበጥነው፤ በዚያም በኩል እጀታ አለ። በር መሆኑን ረስተነው። ባለቤቴ ሊሰብረው መዶሻ አነሳ፣ እኔ ከለከልኩት፤ ከበዓል በኋላ በር እንሻለን። ድፎው እላዩ ላይ ተቀምጦ ይሸፍነዋል ብለን ተስማማን።

ከሣጥኔ ነጭ አቡጀዲ አውጥቼ አለበስኩት። ሻማ ማቆሚያ ደግሞ የቲማቲም ድልህ ጣሳ በአመድ ፈትጌ አበራሁ። ጣሳ በአመድ ሲፈተግ ብር ይመስላል፤ ሰው ቀርቦ እስኪያየው ድረስ። ብርጭቆ የሆነልን የማርማላታ ጠርሙስ ነው። ልጄ ከሆቴሉ እንደተማረችው ወረቀት በሦስት ማዕዘን እያጠፈች በየሳህኑ ላይ አቆመች። የአሳ ጀልባዎች ተሰልፈው የቆሙ ይመስል ነበር።

ቅዳም ሹር ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቄጤማዬን ተቀበልኩ። አንድ ዘለላ፣ ለራስ ማሰሪያ የምትሆን። ካህኑም ምን ያድርጉ፣ ለእሳቸውም የደረሳቸው ያችው ነው። ከዚያ ወደ ቤት መግባት ሲገባኝ እግሬ ወደ ባሕሩ ወሰደኝ፤ ራስ ዲካ ድረስ። እዚያ ያሉት ትልልቅ ቤቶች አጥር ላይ፣ ወረቀት የሚመስለው ሐምራዊ አበባ ይንጠለጠላል። የረገፈውን ከመንገዱ እየለቀምኩ በነጠላዬ ጫፍ ስቋጥር የአንዱ ቤት ዘበኛ ብቅ አለ። ምን ጠፋብሽ እናቴ አለኝ በሶማልኛ። አበባ አልኩት። የወደቀውን ለፍየል ነው የሚሰበስቡት አለ። ለእንግዳ ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና በያዘው ዱላ ቅርንጫፉን ሁለቴ መታልኝ፤ አበባው ራሴ ላይ ወረደ። እኔ አልነካሁትም፣ ነፋስ ነው አለ። አመስግኜው ሄድኩ። በመንገዱም ጥቂት የባሕር ዛጎል ለቀምኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ዛጎል ሳይ እጄ አያልፍም።

ቤት ስደርስ የጭነት መኪናው ሹፌር ቄጤማውን አድርሶ ሄዷል። ጆንያውን ፈታሁት። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ኖሮ ቄጤማው ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ቆይቷል። ቢጫ ነው፤ ስይዘው ይሰበራል። ልጄ አየችውና ወደ ጓዳ ገባች። አበባው አለ፣ ሻማው አለ፣ ጠረጴዛው አለ። ግን የፋሲካ ቤት ወለሉ አረንጓዴ ካልሆነ፣ አንዲት የድሬዳዋ እናት ገና ከደጅ ሳይገቡ የሚያዩት እሱን ነው።

ጎረቤቴ ግቢው በር ላይ ጫት ትሸጥ ነበር። በእኛ ከተማ ጫት ከኢትዮጵያ በየቀኑ ይገባል፤ ከቀትር በኋላ መኪኖቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ ሲደርሱ ተኝቶ የዋለው ሰው ሁሉ ይነሣል። ጫቱ እንዳይጠወልግ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በኮባ ልጥ ታስሮ ነው የሚመጣው። እሷ ጫቱን ሸጣ ቅጠሉን ለእህቷ ፍየሎች ታስቀምጣለች። የሳምንቱን ቅጠል እርጥብ ጆንያ አልብሳ አቆይታው ነበር። ደረቁን ቄጤማ ተሸክሜ ስወጣ አየችኝ።

"አባዮ፣ ያንቺ በዓል የሚፈልገው አረንጓዴ ነው?" አለችኝ። አባዮ እህቴ ማለት ነው። "አረንጓዴ እኔ ጋ ሞልቷል። ፍየሎቹ አንድ ሳምንት ካርቶን ይብሉ።"

ጆንያውን ስትገልጠው ቅጠሉ እንደተቆረጠ ነው፤ ሰፊ፣ የሚያብረቀርቅ። ልጄን ጠራኋት። ፊቷ በራ። ባለቤቴ ግን ቆም አለ። የጫት ልብስ ትንሣኤ ላይ አይነጠፍም አለ። እኔም ድፎ የሚጋገረው በኮባ አይደለም ወይ፣ ያው ቅጠል ነው አልኩ። ያኛውን የነካው ዳቦ ነው፣ ይሄኛውን የነካው ጫት ነው አለ። እንዲህ ያለ ክርክር ከሱ ጋር አይረታም። ሴትዮዋ ቢያውቁስ አለ ቀጥሎ፤ ጫት የሚባል ስም ቤታቸው አይጠራም ብሎናል ልጁ። እሱም እውነት ነው። የክርስቲያን ቤት ጫት ያለበት ተባለ ማለት፣ በእኛ ሰው ዘንድ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ልጄ ቅጠሉን አቅፋ መሀላችን ቆመች። "አባዬ፣ ባዶ ወለል ካዩም ይሄዳሉ" አለችው። እሱም ሂዶ ውኃ ቀዳልን።

አንድ በአንድ በሳሙና አጠብነው። ገሚሱን ከነልጡ በቀጭን በቀጭኑ ቀደን እንደ ቄጤማ ወለሉ ላይ ጎዘጎዝነው፤ ከእውነተኛው ቄጤማ ሽታው ብቻ ነው የጎደለው። ሙሉ ሙሉውን ደግሞ በአቡጀዲው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘርግተን በላዩ አበባውን በተንን። ሻማዎቹን በመሀል፣ ዛጎሎቹን በጣሳዎቹ ዙሪያ። ድፎውን እጀታው ላይ አስቀመጥኩት፤ ወደ አንድ ጎን አዘመመ፣ ግን ቆመ። ቤቱን ዞር ብዬ ሳየው የእኛ አይመስልም ነበር።

እሑድ እዚህ አገር የሥራ ቀን ነው። ልጄ ሌሊቱን አስቀድሳ፣ ጠዋት ሆቴሏ ሄዳ፣ ለምሳ እየሮጠች ደረሰች። ሴትዮዋ ጋቦዴ ሰፈር ዘመድ ቤት ነበር ያረፉት፤ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዞ አመጣቸው። አጭር፣ ጠይም፣ ነጠላቸው እንደ ወረቀት የነጣ። እንኳን አደረሳችሁ ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ወለሉን አዩ። ቀና ብለው ገበታውን አዩ። እንደገና ወለሉን አዩ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ከፊታቸው የሚነበብ ነገር አልነበረም።

ምሳው ጥሩ ጀመረ። ዶሮው አንድ ቢሆንም በእንቁላል በዝቷል። ስለ መንገዱ፣ ስለ ድሬዳዋ ውኃ፣ ስለ ልጃቸው ቅጥነት አወሩ። ልጁ ይበላል፣ ልጄ ታቀርባለች። መሀል ላይ መብራት ጠፋ፤ ማንም የማይወደው የዚህ ከተማ ልማድ ነው። ማራገቢያው ቆመ፣ ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ታች ይለቀው ጀመር። በሙቀቱ ገበታው ላይ ያለው ቅጠል ጠርዙ እየተጠቀለለ ተነሣ። ሴትዮዋ ፊት ያለውም ተነሣ። ከእጥፋቱ ውስጥ አንዲት ጣት የምታህል ቀንበጥ ብቅ አለች፤ ጫፏ ቀላ ያለ። ያን ሁሉ ስናጥብ አልፋናለች።

ጅቡቲ የኖረ ሰው ያቺን ቀንበጥ በጨለማ ያውቃታል። ልጄ የያዘችውን ሳህን አየር ላይ እንዳለ አቆመችው።

ሴትዮዋ በሁለት ጣት አነሷት። "ይቺ ምንድን ናት?"

ልጁ አቀርቅሯል። ያኔ ባለቤቴ፣ ያ ትናንት ሲከራከረን የነበረው ሰው፣ "ጤና አዳም ናት" አለ።

ሴትዮዋ ወደ አፍንጫቸው አስጠጓት። "የጅቡቲ ጤና አዳም ሽታ የለውም እንዴ?"

"ሙቀቱ ያጠፋዋል" አለ ባለቤቴ።

"ሙቀት ስንቱን ያጠፋል" አሉ። ቀንበጧን ከሳህናቸው ሥር አኖሯትና እንቁላል እንዲጨመርላቸው ጠየቁ።

አለፈ ብለን ተንፈስ ስንል ጎረቤቴ መጣች። መብራቱ መጥፋቱን አይታ ለእንግዳዋ ቀዝቃዛ ውኃ ይሁን ብላ በሳህን በረዶ ይዛ ነው። በአማርኛዋ እንኳን አደረሳችሁ አለች። ከዚያ ወለሉን አየት አደረገችና ደስ እያላት፣ ቤታችን አማረ አይደል አለች፤ የራሷ ቤት እንደሆነ ሁሉ። የጥፍሮቿ ጫፍ ምንጊዜም አረንጓዴ ነው። ሴትዮዋ እጇን ተቀብለው ጥቂት ሳይለቁት ቆዩ። ምን እንደምትነግድ ጠየቋት። እኔ በዓይኔ ለመንኳት። እሷ ግን መዋሸት አትወድም።

"ቅጠል" አለች።

"ቅጠል ጥሩ ንግድ ነው" አሉ ሴትዮዋ። "ልጅ ያሳድጋል።"

ከዚያ በኋላ ስለምን እንዳወራን አላስታውስም። ሲነሡ ከድፎው ቆርሼ ለመንገድ ልስጣቸው ስል ወረቀት ፈለግኩ። ተይው አሉኝ። ከገበታው ላይ አንዱን ቅጠል አነሡ፣ ዳቦውን መሀሉ አኖሩ፣ ግራውን ቀኙን አጠፉት፣ ከወለሉ አንድ ክር ልጥ አንስተው ሁለቴ አዞሩና ጫፉን በአውራ ጣታቸው ሸጎጡት። ቋጠሮ የለውም፣ ግን አይፈታም። ነገሩ ከመጀመሩ አልቋል። ባለሙያ ናቸው አልኩ በልቤ። ድፎው ሲነሣ እጀታው አቡጀዲውን ወጥሮ ታየ፤ እሱንም አዩት።

ያን ማታ በር በሌለው መኝታ ክፍላችን ተኝተን ባለቤቴ፣ በነገር እየወጉን ነበር አለ። ቅጠል ልጅ ያሳድጋል ማለት፣ ሴት ልጃችሁን በምን እንዳሳደጋችኋት አየሁ ማለት ነው አለ። እኔም ሌላ ትርጉም አላገኘሁለትም። ከመጋረጃው ወዲያ ልጄ እንዳልተኛች ይሰማኝ ነበር። ጠዋት ሳትቀሰቀስ ተነሥታ ሥራ ሄደች። የደረቀውን ቅጠል ጠርጌ ለፍየሎቹ ሰጠሁ፤ ባለቤቴ በሩን መለሰ።

ዳግም ትንሣኤ አልፎ በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ሁለቱ ከድሬዳዋ በአውቶቡስ፣ አንዱ የዚሁ የጋቦዴ ዘመድ። ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። ባለቤቴ ደንቡን ጠብቆ እንማከርበት ብሎ አንዴ መለሳቸው፤ እኔ ግን በጓዳ በኩል ልጄን እንደያዝኳት ነበር፣ እንዳትዘል። ሴትዮዋ ያልገባቸው መሰለን። የዋህ ናቸው፣ ጫትን በመልኩ አያውቁትም አልን። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ስንገናኝ እኔም አላነሣሁት፣ እሳቸውም አላነሡት። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባለቤቴን ባገኙት ቁጥር ጤና አዳምህ እንዴት ነው ይሉት ነበር። እሱም ለምለም ነው ይላቸዋል።

ሴትዮዋ ያረፉት ልጆቹ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ለአርባቸው በአዲሱ ባቡር ድሬዳዋ ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሻሽ ያሰሩ ሙስሊም እናት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ፤ ነጋዴ ናቸው፣ የሐረር ሰው። ሟቿ ምንሽ ናቸው ሲሉኝ የምራታቸው እናት ነኝ፣ ከጅቡቲ አልኳቸው። ጅቡቲ ስል ሳቅ አሉ፤ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። እጇን የሚያህል እጅ አላየሁም አሉኝ። ስፌት የምትለው ለልጆቿ ነው እንጂ መርፌ ይዛ አታውቅም፤ ባሏ ከሞተ ጊዜ ጀምሮ ልጇን እስክትድር እኔ መጋዘን ነበረች አሉ። ወደ ጅቡቲ የሚጫነውን ጫት በኮባ የምትጠቀልለውና የምታስረው እሷ ነበረች፤ ልጇ የሚያገባውን ቤት ልታይ በሄደችበት ዓመትም፣ እስከ ጸሎተ ሐሙስ ድረስ የሳምንቱን ጭነት አስራ ነው የተነሣችው።